ለቤት የሚሆን የቢላ መሳያ

ደብረ ታቦር ውስጥ የማውቃቸው ቤቶች ማጀት ቢያንስ ሁለት ዓይነት ቢላ አለው። አንዱ ከሱቅ የተገዛ፣ ቀጭንና የማይዝግ ነው፤ ሽንኩርቱም ጎመኑም ድንቹም የሚከተፈው በእሱ ነው። ሌላው ባለ እጅ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ያወጣው ካራ ነው፤ በዓል ሲደርስ በግ ይታረድበታል፣ ቆዳ ይገፈፍበታል፣ የቅርጫ ሥጋ ይበለትበታል። እኔ አናጢ ነኝ። መሮዬንና የመላጊያዬን ምላጭ ራሴ ስለምስል፣ ጎረቤቶቼ «ምን ዓይነት መሳያ ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም መልሼ የትኛውን ቢላ ሊስሉ እንዳሰቡ እጠይቃለሁ። የሁለቱ ብረት ጠባይ ለየቅል ነው፤ መሳያ የሚመረጠውም ከዚያ ተነሥቶ ነው።

አገራችን የጥቁር ድንጋይ አገር ነው። ጉና ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው፤ በፋርጣም ሆነ በዙሪያው የምንረግጠው ዓለት በአብዛኛው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ገበሬው ምሳሩንና ካራውን ደጁ ላይ ባለው ድንጋይ ስሎ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል፤ ለባለ እጅ ብረትም ይህ ድንጋይ ጥሩ ነው። የሱቁን ቢላ ግን እምቢ ይላል። ምክንያቱ በማዕድን ጥንካሬ ይገለጣል። ማዕድናት ከ1 እስከ 10 ደረጃ በሚወጣላቸው የሞስ መለኪያ፣ በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ማዕድናት ከ5 እስከ 6 ገደማ ናቸው። በእሳትና በውኃ የጠነከረ የቢላ ብረትም ከዚያው አካባቢ ነው። የማይዝገው ብረት በዚያ ላይ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለበት፤ ክሮሚየሙ ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጥራቸው ቅንጣቶች ከብረቱም ይጠነክራሉ። እኩያሞች ሲፋተጉ ድካሙ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ነው። የአሸዋ ድንጋይ በኳርትዙ ምክንያት 7 ላይ ስለሚቆም የተሻለ ይበላል፤ እሱን ፍለጋ ግን ዓባይ በረሃ መውረድ ሊያስፈልግ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣቸው መሳያዎች የሚሠሩት ከ9 ጀምሮ ካሉ ነገሮች ነው፦ አሉሚኒየም ኦክሳይድ 9፣ ሲሊኮን ካርባይድ ከ9 በላይ፣ አልማዝ 10። በማጀታችሁ የማይዝግ ቢላ ካለ ከእነዚህ አንዱ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ብረት ከተነሣ ደግሞ ጋፋትን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን የእጅ ሥራ ያሠሩት፣ ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ የፈሰሰው እዚሁ ከከተማችን አጠገብ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። የመድፉን ታሪክ ልጅ አዋቂው ይተርከዋል። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ካራውን ሲሠራ የኖረው ባለ እጅ ግን በገዛ አገሩ «ቡዳ» እየተባለ ተሰድቧል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ስለ ስለት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነውና። ካራ ስትገዙ ብረቱን በምን እንዳቀዘቀዘውና መልሶ ምን ያህል እንዳሞቀው ጠይቁት። በጣም ከጠነከረ ስለቱ ይሸረፋል፣ ከለዘበ ይታጠፋል፤ የትኛው እንደሆነ ሲነግራችሁ የምትስሉበትን መንገድም አብሮ ነገራችሁ ማለት ነው።

በዓል ሲቃረብ ቢላ በግራይንደር የሚስሉ ልጆች አሉ። ፈጣን ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። እኔ ግን ቢላችሁን እንዳትሰጡ እመክራለሁ። የስለቱ ጫፍ እጅግ ቀጭን በመሆኑ ሙቀቱን የሚያሳልፍበት ቦታ የለውም። ዲስኩ ሲነካው ሰማያዊ ቀለም ካሳየ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል፤ አብዛኛው የወጥ ቤት ቢላ ሲሠራ መልሶ የሚሞቀው 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥንካሬውን ይለቃል። ቢላው ያን ቀን ምላጭ ይሆናል፣ በሳምንቱ ይደነዝዛል፤ ባለቤቱም መልሶ ይወስደዋል። በእጅ መሳል ብረቱን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት አይፈጥርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቢላን ስለት የሚያወጣው ማዕዘኑ ሳይለዋወጥ መሳሉ ነው። ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ እጃችሁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ካለ ስለቱ ይከባል እንጂ አይሳልም። ለወጥ ቤት ቢላ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። አጥንት ለሚነካ ካራ 25 ይሻላል፣ ለምሳር እስከ 30 ድረስ መሄድ ይቻላል። ይህን ለመለካት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ወረቀት ውሰዱ፤ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ጠርዝ ከጠርዝ አገናኝታችሁ እጠፉት፣ 45 ሆነ። አንዴ ድገሙት፣ 22 ተኩል ሆነ። ይህን ድንጋዩ ላይ አቁማችሁ ቢላውን ከእሱ በትንሹ ዝቅ አድርጉት፤ 20 ላይ ናችሁ። ሌላም መንገድ አለ። ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል 15 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1.4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 20። ቁመቱን ከለካችሁ በኋላ አውራ ጣታችሁን በጀርባው ሥር አድርጋችሁ ያን ርቀት እንዲጠብቅ አስለምዱት። በእርሳስ ወይም በማርከር ስለቱን ቀለም ቀቡና ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሉት። ቀለሙ ከጫፉ ከጠፋ ማዕዘኑ ልክ ነው። ከላይ ብቻ ከጠፋ ቢላው በጣም ተኝቷል፤ ከፍ አድርጉት።

ይህን ችግር ለመፍታት ተብለው የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ቢላው በማቀፊያ ተይዞ ድንጋዩ በዘንግ እየተመራ የሚስለው ዓይነት ማዕዘኑን በትክክል ይጠብቃል፤ እጁ ላልሠለጠነ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ስለት ይሰጣል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ሲመጡ ይዘው ይመጣሉ። ችግሩ ቀጫጭኖቹ ድንጋዮች ሲያልቁ ነው፤ ምትካቸው እዚህ ስለማይገኝ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ረጅም ካራ ላይ ደግሞ ማቀፊያውን ማዘዋወር ግድ ነው፣ ወደ ጫፉ ሲደርስም ማዕዘኑ ይለወጣል። በሁለት ጠንካራ ብረቶች መሐል ቢላውን የምትጎትቱበት ትንሿ መሳያ ግን ለማንም አልመክራትም። እሷ የምትስለው ብረቱን እየፋቀች ነው፤ ስለቱን ጎርባጣ ታደርገዋለች፣ ቢላውንም ቶሎ ትጨርሰዋለች። ማዕዘኗም አንድ ብቻ ስለሆነ ለሽንኩርት ቢላና ለካራ እኩል አትሆንም።

ቤት ውስጥ ካለው ነገር መጀመርም ይቻላል። የሲኒ ወይም የሳህን ቂጥ ያልተለበጠ ቀለበት አለው፤ ከቢላ ብረት ስለሚጠነክር ጥሩ አድርጎ ያጠራል። ሥጋ ቆራጮች ሁለት ቢላ እርስ በርስ የሚያፋትጉትም በከንቱ አይደለም። የታጠፈውን ጫፍ ያቀኑበታል። አዲስ ስለት ግን አይፈጥሩበትም፤ ቢላው በእርግጥ ከደነዘ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ድንጋይ ለመግዛት ገና ያልቆረጠ ሰው ደግሞ በውኃ የሚሠራውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አርጥቦ በመለጠፍ መለማመድ ይችላል። መጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 1000 ቁጥር። ከብዙ ውድ መሣሪያ የተሻለ ስለት ያወጣል። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ቢላውን ወደ ኋላ፣ ማለትም ጀርባው ቀድሞ እንዲሄድ አድርጋችሁ ሳቡ።

የኔ ምርጫ ሁለት ገጽ ያለው ድንጋይ ነው፤ አንዱ ፊት ሻካራ፣ አንዱ ለስላሳ። አቅም ላለው የአልማዝ ዝርግ ብረት ደግሞ ይበልጣል፤ ድንጋይ መሐሉ እየጎደጎደ ሲሄድ እሱ ግን ዝርግነቱን አይለቅም። በሻካራው ፊት አንዱን ጎን ስትስሉ በተቃራኒው ጎን፣ በስለቱ ጠርዝ ላይ፣ ቀጭን የብረት ትርፍ ይወጣል። ዓይን ባያየውም ጣት ከጀርባው ወደ ውጭ ሲዳብሰው ይይዘዋል። ከተረከዙ እስከ ጫፉ ድረስ ሳይወጣ ወደ ሌላው ጎን አትሂዱ። ብዙ ሰው «ሳልኩት፣ አልሰላም» የሚለው እዚህ ጋ ተቻኩሎ ነው። ሁለቱም ጎን ትርፉን ካወጣ በኋላ ወደ ለስላሳው ፊት አልፋችሁ ጫናውን እየቀነሳችሁ ሳሉ። በመጨረሻም በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ሸካራ ፊት ላይ ወደ ኋላ እየሳባችሁ አጽዱት። ትርፉ ሳይጸዳ የቀረ ቢላ የመጀመሪያውን ሽንኩርት ይቆርጥና ለሁለተኛው ይለግማል። ቲማቲም ሳይጫኑት ቆዳው ከተከፈተ ሥራው አልቋል።

ድንጋዩን በውኃ አርጥቡት፤ ሳሙና ጠብ ቢደረግበት መልካም ነው። የኑግ ዘይት ግን አታስነኩት። ኑግ ሲቆይ የሚደርቅና የሚጋግር ዘይት ነው፤ የድንጋዩን ቀዳዳ ደፍኖ ያበላሸዋል። ውኃ የጠጣ ድንጋይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ማደርም የለበትም። በጉና ግርጌ ውርጭ ሲወርድ ውስጡ ያለው ውኃ በርዶ ይሰነጥቀዋል።

ዶሮ 12 ብልት ስታወጡ ቢላው መገጣጠሚያውን ማግኘት አለበት፤ የደነዘ ቢላ አጥንቱን ሰባብሮ ስብርባሪውን ወጥ ውስጥ ይተዋል፣ ሲንሸራተት ደግሞ ጣት ላይ ያርፋል። ስለዚህ መሳልን ለመማር የፋሲካን ዋዜማ አትጠብቁ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ሳምንታት የሽንኩርቷን ቢላ በየሳምንቱ እያወጣችሁ፣ ልጆቻችሁንም ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ተለማመዱ፤ ካራውን እጃችሁ ማዕዘኑን መያዙን ስታረጋግጡ በሆሳዕና ሰሞን ሳሉት።