ብፌው የማን ነው?

«ብፌ» የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሳሎን ውስጥ ብርጭቆና ሰሃን የምንደረድርበት የዋንዛ ዕቃ ስሙን ከፈረንሳይ አግኝቷል፤ ዋጋውን ግን አላገኘም። ለምን? አሜሪካዊቷ ኤሚ ሲገል እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራችው «ፕሮቬናንስ» የተባለ የ40 ደቂቃ ገደማ ፊልም ጥሩ መልስ አለው፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ፊልሙ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ከሀብታሞች ቤት ይነሳና በጨረታ አዳራሽ፣ በጥገና ቤት፣ በመርከብ አልፎ ሕንድ፣ ቻንዲጋር ይደርሳል። ተራኪ የለውም። ከተማዋን የነደፈው ሌ ኮርቡዚዬ ነው። በ1950ዎቹ ለቢሮዎቿ ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ በቲክ እንጨት ሲሠራ ንድፉን የመራው ዘመዱ ፒየር ዣነሬ ነው። ዕቃው ሲያረጅ ጣራ ላይ ተከመረ፣ እንደ ውዳቂ ተሸጠ። የፓሪስ ነጋዴዎች ገዝተው፣ አድሰው በውድ ቸበቸቡት። ሕንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የከለከለችው በ2011 ነው።

በጣም የሚገርመው ቁጥሩ ነው። ቢሮዎቹ በቀለም የጻፉት የንብረት ቁጥር፣ እኛም ቀበሌ ወንበር ጀርባ ላይ የምናየው ዓይነት፣ ዛሬ የእውነተኛነት ማስረጃ ሆኗል። በኔ ሙያ ቋንቋ እንጨቱ ዳታ፣ ቁጥሩ ሜታዳታ ነው። ገበያው የሚከፍለው ለሜታዳታው ነው።

ሲገል ራሷንም አልማረችም፤ ፊልሙን እዚያው ዓመት ለንደን ክሪስቲስ ጨረታ ላይ አወጣችው። ብልህነት ነው። ግን ጉዞው ቢሮዎቹ ጋ ያበቃል። ዩሊ ቻውድሪ የተባለችው ሕንዳዊት አርክቴክት በንድፉ ተሳትፋለች፤ ገበያው የሚጠራው ግን ዣነሬን ነው። እንጨቱን የላጉት አናጺዎችማ ጭራሽ ስም የላቸውም። የፊልሙ ዝምታ ገንዘቡን ያጋልጣል፤ አናጺውን ግን ዝም እንዳለ ይተወዋል።

እኛ ጋ ነገሩ ገና አልረፈደም። አምበር ወይም ቢቸና ያለ የዋንዛ ቁም ሳጥን ማን እንደሠራው፣ ለየትኛው ሰርግ እንደተገዛ እናቶቻችን ያውቃሉ። በኤምዲኤፍ ከመለወጣችሁ በፊት ጠይቁና የአናጺውን ስምና ዓመቱን ከበሩ ጀርባ ጻፉበት። ፓሪስ ባይገዛውም የሠራው ሰው ይታወቃል።