ሳይጮኹ ማስፈራት

ክፉ ሰው ሆነህ ተጫወት የተባለ ጀማሪ ተዋናይ አስቀድሞ ቅንድቡን ይቋጥራል። ቀጥሎ ድምፁን ያጎረንናል፤ ያም አልበቃ ሲለው ጠረጴዛ ይደበድባል። እኔም የመድረክ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ክፉዎችን በመጫወት ነውና ይህን ነገር በየልምምድ ክፍሉ ሳየው ኖሬያለሁ። ባየሁት ቁጥር ትዝ የሚለኝ ህንዳዊው አምሪሽ ፑሪ ነው። ስሙን የማያውቅ መልኩን ያውቀዋል። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ያንን ራሰ መላጣ፣ ዐይኑ የሚያፈጥ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚወጣ ሰውዬ በቀላሉ አይረሳውም።

ፑሪ የተወለደው በ1932 በፑንጃብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታላቅ ወንድሙ ማዳን ፑሪ ቀድሞት የፊልም ተዋናይ ሆኗል፤ እሱም በወጣትነቱ ቦምቤይ ሄዶ ተፈተነ፤ ወደቀ። ከዚያ የመንግሥት የሠራተኞች ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ገባ። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቀን ቢሮ፣ ማታ ቴአትር ሆነ ኑሮው። በፊልም መታየት የጀመረው አርባ ሊሞላው ሲቃረብ ነበር። ይህን እንደ ባከነ ዕድሜ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልስማማም። በሃያ ሁለት ዓመቱ አልፎ ቢሆን ኖሮ የወንድሙን ጥላ የሚከተል አንድ ተጨማሪ መልከ ክፉ ይሆን ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ቴአትሩ ምን እንደሰጠው ለማየት አንድ ሥራ ይበቃል። ከአዘጋጁ ሳትያዴቭ ዱቤይ ጋር የሞሃን ራኬሽን «አዴ አዱሬ» ሠርቷል። ይህ ተውኔት አንዱን ተዋናይ በአንድ ምሽት ባልም፣ አለቃም፣ የድሮ ወዳጅም፣ የባል ጓደኛም ሆኖ እንዲወጣ ያዘዋል። ልብስ መለወጥ ትንሽ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን የትከሻ፣ የእርምጃና የትንፋሽ ነው፤ ባልየው ትንፋሹን የት ይቆርጣል? አለቃው ሲቀመጥ ወንበሩን ያያል ወይስ ወንበሩ እንደሚጠብቀው ያውቃል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለዓመታት ሲመልስ የኖረ ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም የሚያደርገውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም ያውቃል።

የሺያም ቤኔጋልን «ኒሻንት» (1975) ያየ ይህ ይገባዋል። የአንድ መንደር ባለርስት ወንድማማቾች የመምህሩን ሚስት ጠልፈው ይወስዳሉ፤ ፑሪ ታላቅየው ነው። የሚያስፈራውም ዝምታው ነው። መንደሩን ሁሉ በጭሰኝነት የያዘ ሰው ለምን ይጮኻል? የሚጮኸው እንዳይሰማ የሚፈራ ነው። ለጀማሪዎች ሁልጊዜ የምለውም ይኸው ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው አይቸኩልም። እንቅስቃሴህን በግማሽ ቀንስ፤ ዐይንህን ሳትሰብር የጓደኛህን ንግግር እስከ መጨረሻው ስማ፤ ከዚያ ከመመለስህ በፊት አንድ ትንፋሽ ጠብቅ። ያቺ አንድ ትንፋሽ ከጠረጴዛው ዱላ ትበልጣለች። መድረክ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ትሰማለች፤ ካሜራ ፊት ደግሞ እሷን ይዞ ድምፅን ወደ ታች ማውረድ ይበቃል።

ዝናው የመጣው ግን ከዚህ በጣም በራቀ ሥራ ነው። በሼካር ካፑር «ሚስተር ኢንዲያ» (1987) ሞጋምቦ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ወርቅ የተጠለፈበት ካፖርት ለብሶ ህንድን ልግዛ የሚል፣ ወታደሮቹን በሚፈላ አሲድ ውስጥ ዝለሉ ሲላቸው የሚዘሉለት፣ በቁሙ የተረት ጭራቅ ነው። ሌላ ተዋናይ ቢሆን መሳቂያ ይሆን ነበር። ፑሪን ያዳነው ሦስት ቃል ነው፤ ሞጋምቦ ደስ ብሎታል ማለት ነው በእኛ። ልብ በሉ፤ ደራሲዎቹ ሳሊምና ጃቬድ በክፉው አፍ ያስገቡት የቁጣ ቃል አይደለም። የደስታ ቃል ነው። ፑሪም እንደ ደስታ ነው የተናገረው፤ ዘና ብሎ፣ ጣቶቹን በወንበሩ ክንድ ላይ እያንከባለለ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል። የሚያስደስተው ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ይቀፈናል።

በስፒልበርግ «ኢንዲያና ጆንስ» (1984) ላይ ልብ የሚመነጭቀውን ሞላ ራምን ሲጫወት ራሱን ተላጨ፤ መላጣውንም ወደደውና ከዚያ በኋላ ዊግ እየቀያየረ ሠራበት። ስለዚያ ፊልም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ገጸ ባሕርዩ ከአስፈሪ ጭምብል ያለፈ ሥራ አልሰጠውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የ1995ቱ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ነው። ባልዴቭ ሲንግ ለንደን ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ልቡ ፑንጃብ የቀረ አባት ነው። ልጁ የወደደችውን ትቶ ለወዳጁ ልጅ ሊድራት ይነሣል። ያው ያፈጠጠ ዐይን፣ ያው ከሆድ የሚወጣ ድምፅ፣ ያው አለመቸኮል። በሞጋምቦ ላይ የተጨመረ መሣሪያ የለም። ሰውየው ግን ክፉ አይደለም፤ ልጁን ይወዳል፤ ቃሉንም ይወዳል። መጨረሻ ላይ ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር የልጁን እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ ይለቃታል።

ይህን አባት ስናይ እኛ አዲስ አይሆንብንም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ፊታውራሪ መሸሻን ያስታውሳል። ወጋየሁም የመድረክ ልጅ ነበር፤ ካሜራ የለ፣ ሜካፕ የለ፤ ፊታውራሪውን በጉሮሮው ብቻ አቆማቸው። እሳቸውም በራሳቸው ዐይን ክፉ አይደሉም፤ ልጃቸውን የሚመጥን ዘር ያጡ፣ ክብራቸውን የሚጠብቁ አባት ናቸው። ልዩነቱ እሳቸው እጇን አልለቀቁም። አንድ አባት ወይ ክፉ ወይ ደግ የሚባለው በዚያች በመልቀቅና ባለመልቀቅ መካከል ነው፤ ተዋናዩ ግን እስከዚያች ድረስ ሁለቱን በአንድ እምነት ነው የሚጫወታቸው። ክፉ መሆኑን የሚያውቅ ክፉ ሰው የሚገኘው በጀማሪ ልምምድ ላይ ብቻ ነው።

ፑሪ በጥር 2005 ሙምባይ ውስጥ አረፈ። ህንድ ውስጥ ለቴአትር ሰዎች ከሚሰጡት ታላላቅ ሽልማቶች አንዱን፣ የሳንጊት ናታክ አካዳሚን፣ በ1979 ተቀብሏል። በረዳት ተዋናይነት ካገኛቸው ሦስት የፊልምፌር ሽልማቶች ደግሞ አንዱ ብቻ ነው ለክፉ ሰው የተሰጠው፤ ሁለቱን «ጋታክ» እና «ቪራሳት» ላይ ያሸነፈው አባት ሆኖ ነው።

የእኛ አዘጋጆች ይህን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። አንድን ተዋናይ በፊቱ ቅርጽ አይታችሁ አንድ ጊዜ ሌባ፣ አንድ ጊዜ ገዳይ ካደረጋችሁት በኋላ ሌላ ነገር አትሰጡትም፤ እሱም ቅንድቡን ከመቋጠር ሌላ ያለውን ችሎታ የሚያሳይበት ቦታ ያጣል። በሚቀጥለው ፊልማችሁ የአባቱን ቦታ ለዚያ ሰውዬ ስጡትና ሞክሩት።