ስለ ሀብትና ስለ ድኽነት በአንድ ቃል መፍረድ

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ በዚህ ዘመን ስለ አገር ሀብትና ስለ መንግሥት ሥራ የማይናገር ሰው የለም። ይህም በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሰው ስለሚበላው እንጀራና ስለሚያስተዳድረው መንግሥት መናገሩ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው። ክፉ የሚሆነው ብዙ ሥር ያለውን ነገር በአንድ ቃል ቆርጦ መጣል የተለመደ እንደ ሆነ ነው። አንዱ «ባለጠጋ ሁሉ ሌባ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ድኻ የሚደኸየው በስንፍናው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ኑሮ የተወደደው በነጋዴ ክፋት ነው» ብሎ ይደመድማል። አድማጩም ቃሉ አጭርና ጣፋጭ ስለ ሆነለት ሳይመረምር ይቀበለዋል። አባቶቻችን ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ፍርዶች በአገራችን ታሪክ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ እናስቀምጣቸው።

የመጀመሪያው ፍርድ እውነት ፈጽሞ የሌለበት አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በብዙ የደቡብ አውራጃዎች ጢሰኛው አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞና አጭዶ ካገኘው እህል ሲሦውን፣ አንዳንድ ጊዜም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ባለመሬቱም ብዙ ጊዜ ማሳውን በዓይኑ ሳያይ በከተማ ይኖር ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው በአደባባይ የጮኹት ያለ ምክንያት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የጢሰኝነት ቀንበር ተሰበረ፤ ያም ቀንበር ሊሰበር የሚገባው ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እስከ እኩሌታ ተቀነሰ። ተከራዩ ደስ አለው፤ ሊደሰትም ይገባው ነበር። ነገር ግን «ቤት አከራይ ሁሉ በዝባዥ ነው» የሚለው ቃል፣ ብዙ ቤት የነበረውን መኰንንና በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን ታሳድግ የነበረችውን መበለት ለይቶ አላየም። የቀበሌ ቤት ኪራይም ለብዙ ዓመታት በጥቂት ብር ላይ ቆመ፤ በዚያ ገንዘብ የዛገውን ቆርቆሮ መለወጥና የፈረሰውን ግድግዳ ማስመረግ አልተቻለም። በደርግ ዘመን ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራት ስለ ተከለከለ አዲስ ቤት የሚጨምር ሰው አነሰ፤ ሕዝቡ ግን መብዛቱን አላቆመም። የአዲስ አበባ ነዋሪ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 1.4 ሚሊዮን ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ። መሬትን ሰው አልሠራውም፤ ባለቤቱ ቢለወጥም መሬቱ በቦታው ይኖራል። ቤት ግን በሰው እጅ የሚሠራ፣ በየዓመቱም ጥገና የሚሻ ነው። ያለውን ለማን እናካፍል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሌለውን ነገ ማን ይሠራዋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። «ባለጠጋ ሁሉ ሌባ ነው» የሚል ሰው ለፊተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ይመስለዋል፤ ሁለተኛውን ግን ጨርሶ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ፍርድ ከፊተኛው ይልቅ ጭካኔ አለበት፤ የተቸገረውን ሰው በችግሩ ላይ ስሙን ደግሞ ያጠፋበታልና። ጎሕ ሳይቀድ በሬውን ጠምዶ የሚወጣው ጢሰኛ ሰነፍ ነበረን? ከእንጦጦ ጋራ ቅጠልና እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደው እናት ሰነፍ ናትን? ከወሎ ተነሥታ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው ልጅ አዲስ አበባ ሳለች ትሠራው የነበረውን የቤት ሥራ በዚያ ስትሠራ፣ ደመወዟ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እጇ ያው ነው፤ ሥራዋም ያው ነው፤ የተለወጠው ሥራዋን የሚገዛት አገር ሀብት ነው። ስለዚህ የድካም ዋጋ የሚወሰነው በደካሚው ትጋት ብቻ ሳይሆን በመንገዱ፣ በመሣሪያው፣ በትምህርት ቤቱና በገበያውም ጭምር ነው።

ይህን ነገር ቀደም ብሎ ያስተዋለ ኢትዮጵያዊ ነበረ። በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፍ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የሕዝብ ሀብት ከሥራና ከእውቀት እንደሚገኝ፣ እውቀት የሌለው ሕዝብ እጅግ ቢደክም እንኳ የድካሙን ፍሬ እውቀት ላለው ሕዝብ አሳልፎ እንደሚሰጥ ለማስረዳት ደክሟል። እርግጥ ነው፤ ሰነፍ ድኻ አለ፤ ሰነፍ ባለጠጋም አለ። ትጋት ለእያንዳንዱ ሰው ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን የአንድን ሰው ምግባር የምንመክርበት ቃል የአንድን ሕዝብ ድኽነት ለመግለጥ አይበቃም።

ሦስተኛውን ፍርድ እንመልከት። እህል ደብቆ የዋጋ መናርን የሚጠብቅ፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ በበርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል ነጋዴ አለ፤ ሕግም ሊይዘው ይገባል። ይሁን እንጂ ስስት ዘንድሮ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ አምናም ካቻምናም ነበረ። ዋጋ ዘንድሮ በእጥፍ የወጣ እንደ ሆነ፣ ስስት አምና የት ተኝቶ ነበር? ሌላ የተለወጠ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በዶላር የሚገዙ ስለ ሆኑ ጭማሪው ወይ በገዢው ኪስ ወይ በመንግሥት ካዝና ላይ መውደቁ አይቀርም። በሌላ በኩል ከዚያ በፊትም ብዙ አስመጪ ዶላሩን በጥቁር ገበያ በውድ ይገዛ ነበርና፣ የምንዛሪውን ለውጥ ምክንያት አድርጎ ሁሉን ዕቃ በእጥፍ የሚሸጥ ነጋዴ ሊጠየቅ ይገባዋል። የሚጠይቀው ግን ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ «ሁሉም ሌባ ነው» የሚል ሰው እውነተኛውን ሌባ ከሌሎች ለይቶ ሊያውቀው አይችልም።

ነጋዴን ከመካከል ማስወጣትም በአገራችን ተሞክሯል። በደርግ ዘመን ገበሬው ኮታውን መንግሥት በቈረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ በነፃ እንዳይጓዝም በየመንገዱ ኬላ ነበረ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ያው መንግሥት ራሱ ይህን አሠራር ተወው።

ይህን የሰማ ሰው ግን ቸኩሎ «እንግዲያውስ ገበያውን ልቀቁት፤ ሁሉን ያበጃል» ቢል፣ እርሱም በአንድ ቃል ፈረደ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሀብ አለቀ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበረ። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ መግዣ አልነበረውምና እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ገበያ የሚሰማው የገንዘብን ድምፅ ነው፤ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ቢጮህ አይሰማውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንግሥት እጁን ካልዘረጋ ሌላ የሚደርስለት የለም።

የሂሳብ አስተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ያመጣውን ተማሪ «ያገኘህበትን መንገድ አሳየኝ» ይለዋል። መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ መንገዱን የማያውቅ ተማሪ በሚቀጥለው ጥያቄ ይወድቃልና። እናንተም ስለ ሀብትና ስለ መንግሥት በአንድ ቃል የሚፈርድ ሰው ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁት። ይህ ቃል የማይገጥመው ሰው የለምን? አምና ያልነበረ፣ ዘንድሮ የተለወጠው ነገር ምንድን ነው? የምትለው ሁሉ ቢፈጸምልህ፣ ነገ ቤቱን የሚሠራው፣ እህሉንም የሚያመጣው ማን ነው?

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይምሰላችሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «አድኃሪ» ወይም «ፀረ አብዮት» የሚል አንድ ቃል ብዙ ወጣት ያለ ፍርድ ለሞት አሳልፎ ሰጥቷል። ከገዳዮቹም መካከል ብዙዎቹ ለድኻ የቆሙ ይመስላቸው ነበር። ሰውን በአንድ ቃል መጥራት የለመደ አፍ፣ ሥልጣን ያገኘ ቀን በዚያው ቃል ይቀጣል። ስለዚህ ለድኻው የምታዝኑ ከሆነ፣ ልታዝኑም ይገባችኋል፤ ኀዘናችሁን በእውቀት አጽኑት። ጤፍ በየትኛው አውራጃ በስንት እንደሚሸጥ፣ ማጓጓዣው ስንት እንደሚፈጅ፣ ቀረጡ ስንት እንደ ሆነ ጠይቃችሁ እወቁ። ይህን የሚያውቅ ወጣት በአደባባይ ጭብጨባ ላያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን የአገሩን ጉዳይ በአደራ ቢሰጡት የሚታመን እርሱ ነው።