ት/ቤት ብለን አናነብም

ክረምት ሲገባ መቱ ላይ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ባለፈው ሐምሌ ከኖፓ የመጣ አንድ ልጅ ለሌቭል 3 የሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና ሊዘጋጅ እኔ ሱቅ ውስጥ ሲያጠና ከረመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የልጁ ድምፅ አይሰማም፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። በግራ በኩል የኮምፒውተር ኔትወርክ ምህጻረ ቃሉ፣ በቀኝ በኩል ዝርዝሩ፣ ገጽ ከገጽ። ቀኙን በእጄ ሸፈንኩና ጠየቅሁት። ዲኤችሲፒን ሳያዛንፍ ዘረዘረልኝ፤ «ዳይናሚክ ሆስት ኮንፊገሬሽን ፕሮቶኮል»።

«ዳይናሚክ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ እሱ እኮ አይጠየቅም» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። ይህ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ መቱ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ። እንግሊዝኛ አፉን ለፈታበት ሰው ምህጻረ ቃል የሚያውቀው ነገር ያጠረበት ነው። ለእኛ ልጆች ግን ቁልፉን ከፍተው ሲገቡ ሌላ የተቆለፈ በር ይጠብቃቸዋል፤ ፊደሉ ተፈትቶ የሚወጣው ቃል ራሱ መፈታት አለበት። ብዙው አስተማሪ የመጀመሪያውን በር አስከፍቶ «ጎበዝ» ይላል። ኮምፕቲያ ለኔትወርክ ፕላስ ፈተና በሚያወጣው መዘርዝር መጨረሻ ላይ ደግሞ የምህጻረ ቃሉ ዝርዝር ብቻውን ገጾች ይፈጃል። ያንን ሁሉ በአንድ በር ብቻ ይዞ መሄድ ጉልበት ይጨርሳል።

እኔን የረዳኝ ከራሳችን የጽሕፈት ልማድ ያገኘሁት ነገር ነው። በአማርኛ ምህጻረ ቃል ለዓይን ያጥራል እንጂ ለአፍ አያጥርም። ት/ቤት የሚል ጽሑፍ ስናይ «ትምህርት ቤት» ብለን እናነባለን። ወ/ሮ ወይዘሮ ነው፣ ዓ.ም. ዓመተ ምሕረት ነው። ኢሕአፓንና መኢሶንን የመሰሉት ከፖለቲካው የመጡት ግን ይህን ልማድ ሰብረዋል። ስለዚህ እኔ ጋ የሚያጠና ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ፊደላቱን በአፉ መጥራት አይፈቀድለትም። ዲኤንኤስ የሚለውን ሲያይ «ስም ስትነግረው ቁጥሩን የሚነግርህ» ብሎ ያነባል። ናት ሲያይ «የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ስም ወደ ውጭ የሚወጣበት»። ትሪፕል ኤ ላይ ሲደርስ የግቢ ጥበቃውን ያስባል፦ ማን ነህ? የት ድረስ ትገባለህ? እዚህ መዝገብ ላይ ጻፍ። በኦሮምኛ ቢለውም ደስ ይለኛል። እንግሊዝኛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሲመጣም የሚያርፍበት ቦታ አለው።

ኤስኤምቲፒና ኤስኤንኤምፒ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። በጆሮ መንትያ ናቸው፤ ስንቱ ተማሪ የአንዱን ፖርት 25ን ለሌላው፣ የሌላውን 161ን ለአንዱ ሰጥቶ ነጥብ ጥሏል። አንዱ ኢሜይል የሚያደርስ ፖስተኛ፣ ሌላው በየማሽኑ እየዞረ «ደህና ነህ ወይ? ምን ያህል ጭነት አለብህ?» የሚል ተቆጣጣሪ መሆኑ አንዴ ከገባ ግን ለመቀላቀል ያስቸግራሉ።

ይህን ስል ሽምደዳን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ እያልን በዜማ ስንወርድ ሁላችንም ጎበዝ ነበርን። ከዚያ አቡጊዳ መጣ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደላቱ እነዚያው ናቸው፣ ሰልፋቸው ግን ፈርሷል፤ በዜማው ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል። በቃል መያዝን ከዚህ የተሻለ የሚፈትን መላ እስካሁን አላገኘሁም። ዛሬም ተማሪዎቼን ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አልጠይቃቸውም። ከመካከል እነሳለሁ፣ ፍቺውን ሰጥቼ ስሙን እጠይቃለሁ፣ ቁጥሩን ሰጥቼ ሥራውን እጠይቃለሁ።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ትርጉም ያለው ነገርም አለ። በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደረጃ ሆኖ የወጣው የኦኤስአይ ሞዴል ሰባት ንብርብር አለው፤ ከታች ወደ ላይ ፊዚካል፣ ዳታ ሊንክ፣ ኔትወርክ፣ ትራንስፖርት፣ ሴሽን፣ ፕሬዘንቴሽን፣ አፕሊኬሽን። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ማስታወሻ የሚያደርጉት ስለ ሶሴጅ ፒዛ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ሶሴጅ ፒዛ በልቶ ለማያውቅ ልጅ ማስታወሻው ራሱ ሌላ የሚታወስ ዕዳ ነው። የኖፓው ልጅ አንድ ከሰዓት ተቀምጦ የራሱን ሠራ፦ «ፊልጶስ ዳስ ነቅሎ ትናንት ሲመለስ ፓፓያ አመጣ።» ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም።

ፖርት ቁጥሮችን የያዝኩት በታሪክ ነው። ዲኤንኤስ 53 ነው፤ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ 1953። ኤስኤስኤች 22 ነው፤ አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ሃያ ሁለት ማዞሪያን ያውቃል። የምወደው ግን የዲኤችሲፒው ነው። ሰርቨሩ የሚያዳምጠው 67 ላይ ነው፤ የገጠር መሬት አዋጁ የወጣውም የካቲት 25 ቀን 1967። መሬት የታደለበት ዓመትና አድራሻ የሚያድለው ፖርት። ተቀባዩ ኮምፒውተር ደግሞ ቀጥሎ ያለው 68 ነው።

የዲኤችሲፒን ውስጡን የማስረዳው ግን በአልጋ ነው። ማታ መቱ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ አስብ። ማንንም አያውቅም። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ «አልጋ አለ?» ብሎ ይጣራል። ለሁሉም ነው የሚጣራው፣ የሚሰማው ይስማ ብሎ። ዲስከቨር ይህ ነው። አንዱ ፔንሲዮን «12 ቁጥር አለ» ይላል፣ ሌላውም «እኔም ጋ 7 ቁጥር አለ» ይላል፤ ኦፈር። እንግዳው አሁንም ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ «የዚያኛውን 12 ቁጥር እወስዳለሁ» ይላል፤ ሪኩዌስት። ተማሪዎች «ከመረጠ በኋላ ለምን ድጋሚ ለሁሉም ይጮኻል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ያልተመረጠው ባለ ፔንሲዮን 7 ቁጥርን ለሌላ እንግዳ እንዲሰጥ ነዋ። በመጨረሻ «ተመዝግቧል፣ ያንተ ነው» ይባላል፤ አክኖሌጅ። አልጋው ኪራይ ነው፣ ጊዜ አለው። እንግዳው ጊዜው እስኪያልቅም አይጠብቅም፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ «ላራዝም» ይላል። ዳይናሚክ ማለት ይኸው ነው፤ ቁጥሩ የአልጋው እንጂ የእንግዳው አይደለም።

ይህን ምሳሌ ያገኘሁት ፈተናዬን ካለፍኩ ከወራት በኋላ ነው፣ ከስህተት። አንድ መሥሪያ ቤት መብራት ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ኔትወርክ የለም ብሎ ጠራኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር አድራሻ ሳየው በ169.254 ይጀምራል። ስሙን አውቀዋለሁ፣ አፒፓ፤ «ኦቶማቲክ ፕራይቬት አይፒ አድሬሲንግ» ብዬ በቃሌ መውጣት እችላለሁ። ግን ምን እያለኝ እንደሆነ አልሰማሁትም። ኬብል ቀየርኩ። ጫፉን ቆርጬ በክሪምፐር አዲስ ራስ አሰርኩ። ስዊቹን ፈተሽኩ። ባለጉዳዮች በረንዳው ላይ ተሰልፈው ከሩቅ ቀበሌ በጭቃ የመጡበትን ወረቀት ይዘው ይጠብቃሉ፤ አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ከግድግዳው ተደግፈዋል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ነው ጥግ ላይ ያለውን ራውተር ያየሁት። ሶኬቱ ከስታብላይዘሩ ወጥቶ ቀርቷል። አድራሻ አዳዩ ተኝቷል።

ያ ቁጥር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነግሮኝ ነበር። እንግዳው ተጣርቶ ተጣርቶ የመለሰለት ስለሌለ በረንዳ ላይ አደረ ማለት ነበር። በረንዳው ላይ አብረውት ካደሩት ጋር ያወራል፣ ከግቢው ግን መውጣት አይችልም። እዚያ ተሰልፈው የዋሉት ሰዎች ፊት ዛሬም አይጠፋኝም። ሲኦሲም ሆነ 120 ደቂቃ የሚፈጀው የሲስኮ ሲሲኤንኤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ጠዋት ነው የሚጠይቁት። ምልክቱን ያሳዩሃል፣ ምን እንደሆነ አንተ ትናገራለህ። ለዚህ ነው የልጁ ዝምታ ያሳሰበኝ።

ልጁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ ኖፓ ሊመለስ ሲል ደብተሩን እንደገና አገላበጥኩት። ቀኝ በኩል ያለው የእንግሊዝኛ ዝርዝር አልተሰረዘም፣ ግን ከየሥሩ በእርሳስ በቁቤ ተጽፎበታል። ዲኤችሲፒ ላይ ስደርስ «ሲሬን ጅራ?» ይላል። አልጋ አለ ወይ ማለት ነው።