የወታደር መቃብርና የመቃብሩ ጽሑፍ

ለአገራቸው ለተዋጉ ወታደሮች መንግሥታዊ መካነ መቃብር ይቋቋም በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ቦታው ስፋትና ስለ ሐውልቱ ቁመት ነው። በድንጋዩ ላይ ስለሚጻፈው ቃል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የመቃብር ጽሑፍም ጽሑፍ ነውና ሊመረመርና ሊነቀፍ ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ ኮልፌ ቀራንዮ ጥሩ መነሻ ነው። ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት ሲሆን፣ በኮልፌ የታወቀው የሙስሊሞች መቃብር ይገኛል። በአጎራባቹ በጉለሌ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የኮመንዌልዝ ወታደሮች አርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው የእነዚህ መቃብሮች ኮሚሽን ሕግ፣ ጄኔራሉም ተራው ወታደርም በእኩል ድንጋይ ሥር ይረፍ፣ ስሙም ይጻፍ የሚል ነው። ይሁንና ኮሚሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት አፍሪካውያንና እስያውያን ብዙዎቹ ስማቸው ሳይጻፍ መቅረቱን አምኗል። እንግዲህ መልካም ሕግ መጻፍ ብቻውን አይበቃም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ አልቃሽ ሟቹን በአባቱ ስም፣ በፈረሱ ስም፣ በሙያው እየጠራች ታሞግሰዋለች። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢም የታወቁ አርበኞችና መኳንንት ስማቸው ተጽፎ አርፈዋል። ተራውን ወታደር ግን «ጀግኖች» ወይም «ሰማዕታት» በሚል የወል ስም ማለፍ ልማዳችን ነው። ቃሉ የከበረ ነው፤ ነገር ግን በሰው ስም ፈንታ ሲገባ ያንኑ ሰው መልሶ ይቀብረዋል።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃና ተተኪዎቹ ከ120 በላይ ሰዎች ሞተውባቸዋል። ዛሬ በቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የአንድ ኢትዮጵያዊ አፅም እንኳ የለም፤ ሁሉም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የእያንዳንዱን አፅም ባሕር አሻግሮ ያመጣ አገር፣ የእያንዳንዱን ስም በድንጋይ ላይ መጻፍ እንዴት ይከብደዋል?

«ሟች በአጥቢያው፣ በወገኖቹ መካከል ይረፍ እንጂ ስለ ምን ከዘመዱ ይለያል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ስለዚህ መንግሥት ማንንም ሊያስገድድ አይገባም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ አጠገብ ያረፈውም፣ አፅሙ በዱር የቀረውም፣ ስሙ በመካነ መቃብሩ ግንብ ላይ ሊጻፍለት ይችላል።

ታዲያ ከድንጋዩ አስቀድሞ መዝገቡ ይሰናዳ፤ ቤተሰብ ይጠየቅ፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም ስም በአንድ መጠን ፊደል ይቀረጽ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ሐውልቱ ቢቆም፣ ለልጅ ልጅ ተነቦ የሚቀረው ስም ሐውልቱን የመረቀው ሹም ስም ብቻ ይሆናል።