የጥቁር ድንጋይ ዱቄትና የብሎኬት ሠሪው እጅ

ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው ደጋ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት ረግቶ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ የተኛበት። ይህ ድንጋይ በክሬሸር ሲፈጭ 02 እና 01 የሚባለው ጠጠር ለኮንክሪትና ለአስፋልት ይፈለጋል። ከወንፊቱ ሥር የሚቀረው ዱቄት ግን ፈላጊው ጥቂት ነው። ተቆልሎ ይከርምና ነፋስ በተነሣ ቁጥር ማሳውን ያለብሰዋል፤ ለዓይን የማይታየው ደቃቁ ደግሞ ከሰው ሳንባ ድረስ ይወርዳል።

ብሎኬት ሠሪ ለዚህ ዱቄት ሁነኛ ሥራ አለው፤ አሸዋ ከሩቅ ወንዝ በሚጫንበት ደጋ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመዋል። ጎበዙን የምለየው ገና አካፋ ሳያነሣ ነው፦ መጀመሪያ ክምሩን ውኃ ይረጨዋል። የረጠበ ዱቄት አይቦንም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በደረት ሕመም ያልተማረ ሰው ሲያደርገው ማየት ደስ ይላል።

ቀጥሎ ይነፋል። እንደ በሶ የላመው ከበዛ ውኃውን ይጠጣና ሲሚንቶውን ያደክማል፤ ስለዚህ ከፊሉን ያስቀራል፣ ከ01 የሚያንሰውን 00 ጠጠር ይጨምርበታል። ትልቁ ፍሬ የተወውን ክፍተት ትንሹ፣ ትንሹ የተወውን ደቃቁ እንዲሞላው ነው። ከሲሚንቶ ጋር አንድ መልክ እስኪይዝ ድረስ እያገላበጠ ያዋሕደዋል፤ ውኃውን ግን በአንድ ጊዜ አያፈስም።

የሙያው ጫፍ እዚህ ላይ ነው። አንድ እፍኝ ይጨብጣል። ሳይፈርስ ከረጋና መዳፉን አርጥቦ ጠብታ ካልጣለ ደርሷል። ትንሽ ከደረቀ የብሎኬቱ ጠርዝ ይረግፋል፤ ትንሽ ከራሰ ቅርጹ ሲነሣ ሆዱ ይነፋል። ከብረት ቅርጹ ሲወጣ ጎኑ ላይ ቀጫጭን የእርጥበት መስመር ያሳየ ብሎኬት ልኩን አግኝቷል። ማሽኑ የሚያንቀጠቅጠው ለሁሉም እኩል ነው፤ ይህን መስመር የሚያወጣው የሰው ልክ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና የደጋው ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ውስጡ ያለውን ውኃ ካረጋው፣ ገና ያልጠና ብሎኬት ከውስጥ ይላላል። የቀኑ ደረቅ ነፋስም ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሌሊት በላስቲክና በጆንያ ይሸፈናል፤ ውኃ የሚጠጣውም አመሻሽ ላይ ሳይሆን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። ቢያንስ 7 ቀን እንዲህ ይያዛል፣ ብርድ ሲጠና ከዚያም በላይ፤ የጥንካሬው መለኪያ ግን 28ኛው ቀን ነው። ሁለት ብሎኬት ብታጋጩ የጠናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ያልጠናው ዱፍ ይላል።

የቤቱ ባለቤት ይህን ሁሉ በልስን መሸፈኑ ያሳዝነኛል። ልስን ባልደረሰበት የጓሮ ግድግዳ ላይ ግን ግራጫው ወደ ጥቁር ያደላል፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ጣት ቢሄድበት ብናኝ አይነሣም።