ግማሽ በግማሽ መሆኑ ብቻ ፍትሕ ይባላል?



የስኮላርሺፕ ስም ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር በካምፕም ሆነ በካርቱም ስንሰማው የኖርነው አንድ ክርክር አለ። አንዱ «እሱ በበለጠ ነጥብ ቀርቶ እሷ ባነሰ ነጥብ እንዴት ትገባለች?» ይላል። ሌላው «ሴቶቹ ግማሽ ካልሆኑማ ምርጫው አድልዎ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት የመሰላቸውን ነው የሚናገሩት። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም የሚቆጥሩት መጨረሻው በር ላይ ቆመው ነው። በሩ ጋ ሳይደርስ በመንገድ የቀረው ማነው? ለምንስ ቀረ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ክርክሩ ለምን እንደሚጋጋል ግልጽ ነው፤ ቦታው ጥቂት ነው። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕ ለብዙ ስደተኛ ተማሪ ዋናው ተስፋ ሆኖ ኖሯል። ዩኤንኤችሲአር እ.ኤ.አ. በ2019 የትምህርት ስትራቴጂውን ሲያወጣ ከ100 ስደተኛ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት የገቡት 3 ብቻ ነበሩ። በ2030 15 ለማድረስ ነው የታቀደው። እንግዲህ 97ቱ ውጭ ቀርተው በሦስቱ ቦታ ወንድና ሴት መጣላታቸው ምን ይገርማል?

መጀመሪያ «ነጥብ ብቻ ይፍረድ» የሚሉትን ልጠይቅ። ነጥብ የሚለካው ምንድነው? ከትምህርት በኋላ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ታናናሾቿን የምታጥብ ልጅ ደብተሯን የምትገልጠው ሲመሽ ነው። እሷና ማታውን ሙሉ ያጠና ልጅ እኩል 70 ቢያመጡ ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሮጡት መንገድ ግን አንድ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው ታሪክ የወረሱትን የበታችነት ለማስቀረት የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዩኒቨርሲቲ የሴትና የወንድ መግቢያ ነጥብ ለየብቻ ሲወጣ የኖረውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ይህ አሠራር ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። አፈርማቲቭ አክሽን በር ከፍቶ ካስገባ በኋላ ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ አያይም። ዩኒቨርሲቲ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ ሻንጣቸውን ከሚሸክፉት መካከል ሴቶቹ ይበዙ ነበር። አንዷን ልጅ በቅናሽ አስገብቶ፣ «በቅናሽ የገባች» የሚል ስም አሸክሞ፣ ያለ ቲቶሪያል መተው እርዳታ አይባልም። ቁጥሩ በመስከረም ያምራል፣ በየካቲት ይፈርሳል።

«ግማሽ በግማሽ» የሚሉትም ቢሆኑ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። ጎድሎ የሚገኘው ሁልጊዜ ሴት ነው ወይ? ያለንበትን አገር እንይ። በሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶች ከወንዶች የሚበልጡባቸው ፋኩልቲዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ የሴቶቹ ጉብዝና ነው፣ ግን ሌላም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአልበሽር መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወንዶች የምስክር ወረቀታቸውን ለማግኘት መጀመሪያ ብሔራዊ ውትድርና ይግቡ አለ። በዓመቱ፣ በ1998፣ ከካርቱም አቅራቢያ ከአይለፉን የማሠልጠኛ ካምፕ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ብዙ ወጣቶች ተተኩሶባቸውና ዓባይ ውስጥ ሰጥመው አለቁ። እነዚያን ልጆች ያስቀራቸው ነጥብ አይደለም። በእኛም ሠፈር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ ሄዶ የቀረውን ልጅ ያስቀረው ስንፍና አይደለም። ስለዚህ ማየት ያለብን ጾታውን ብቻ ሳይሆን ያስቀረውን ምክንያት ነው።

ደንቡ በግልጽ መነገሩም ሌላው ቁም ነገር ነው። በቶኪዮ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጋለጠውን ጉድ አስታውሱ። ሴት ሐኪም ስትወልድ ሥራ ትተዋለች በሚል ሰበብ የሴት አመልካቾች ውጤት ለዓመታት በስውር ሲቀነስ ኖሯል። በኢትዮጵያ የተደረገውና እዚያ የተደረገው ሁለቱም «ነጥብ መለወጥ» ነው ቢባልም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንዱ በሕግ ተጽፎ፣ ምክንያቱ ተነግሮ፣ ማንም እያየው የሚሠራ ነው። ሌላው በጓዳ ነው። ያልተነገረ ደንብ ለሴት ቢያደላም ለወንድ ቢያደላም ሐሜት ይወልዳል፤ የገባችውንም ልጅ ያሳፍራታል።

የሱዳኑ ባቢከር በድሪ ታሪክ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1907 በሩፋዓ የሴቶች ትምህርት ቤት የከፈቱት በገዛ ቤታቸውና በገዛ ገንዘባቸው ነበር፤ እንግሊዞቹ ከዚህ የበለጠ አልፈቀዱላቸውም። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ልጆች ነበሩ። በኦምዱርማን የአሕፋድ የሴቶች ኮሌጅ በልጃቸው በዩሱፍ በድሪ የተመሠረተው በ1966 ነው። በመካከሉ 59 ዓመት አለ! ኮሌጅ የምትገባ ሴት የምትገኘው ከሥር ሲጀመር ነው።

እንግዲህ ትችት ብቻ እንዳይሆንብኝ ለፕሮጀክታችን ሦስት ነገር ላቅርብ። አንደኛ፣ በየዓመቱ በ6ኛ፣ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንዳለና ስንቱ እንዳቋረጠ ከነምክንያቱ ይለጠፍ። ሴት ከ8ኛ ክፍል እየጠፋች በ12ኛ ግማሽ ፍለጋ መሮጥ ቀልድ ነው። ሁለተኛ፣ የምርጫው ደንብ ማመልከቻ ከመጀመሩ በፊት በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ይውጣ። ለማን፣ በምን ምክንያት፣ ስንት ነጥብ እንደሚታሰብ ሁሉም ይወቅ። ሦስተኛ፣ የገባ ተማሪ ቢያንስ አንድ ዓመት በቲቶሪያልና በቋንቋ ይደገፍ። በአብዛኛው የሱዳን ዩኒቨርሲቲ በዓረብኛ ነው የሚማሩት፤ የእኛ ልጆች የሚወድቁት ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተነሣው ጦርነት ነገሩን አክብዶታል። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገዳሪፍና ከሰላ ተሰደደ፣ የስንቱ ልጅ ሰርተፊኬት ከቤቱ ጋር ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ወረቀትህን አምጣ፣ ነጥብሽን አሳዪ» ብቻ ማለት ዕድለኛውን መምረጥ እንጂ ጎበዙን መምረጥ አይሆንም። የጠፋበትን ወይም የጠፋባትን በፈተና አይቶ መመዘን ይቻላል፤ መምህራኑም አለን። ከሁሉ በፊት ግን የቀሩትን እንቁጠር፤ ከዚያ በኋላ የገቡትን ብንቆጥር ያምርብናል።